መርዝ የሌለበት ብርሃን

ለማንበብ፦ 2ኛ ነገሥት 4፥38–41፤ ዘዳግም 22፥8



በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ለድሃ ወገናችን ርካሽ ነገር ማቅረብ ብቻውን ፍቅር ነው ወይ? ያ ርካሽ ነገር ውሎ አድሮ የሚጎዳ መርዝ በውስጡ ቢኖርበትስ? «ከምንም ይሻላል» ብለን እንስጥ ወይስ «ንጹሑ እስኪገኝ ይቆይ» ብለን እንከልክል? ነገሩ የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። በዋግ ኽምራ ግን ደጃችን ድረስ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከደጃችን እንጀምር።

ፀሐይ አለን፣ መብራት የለንም

በዋግ ዝናብ ይዘገያል፤ አንዳንድ ዓመትም ጭራሽ ይቀራል። ፀሐይ ግን ቀርታብን አታውቅም። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር። ውሃው እስከ እኛ አበርገሌ ቆላ ድረስ ተኝቷል። በዳርቻው ካሉት የገጠር ቤቶች ግን ብዙዎቹ የግድቡ መብራት አልደረሳቸውም። ኩራዝ የሚያበራ ቤት ዛሬም አለ። የኩራዝ ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ከተገለበጠም ልጅ ያቃጥላል። በጦርነቱ ጊዜ ሰቆጣ ከተማ ራሷ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ስትቀር፣ ትንሽ ሶላር ያለው ሰው ቤት የሠፈሩ ስልክ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ያኔ ከእኛ ጋር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የፀሐይ መብራት ለድሃ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሶላር መልካም ከሆነ ጥያቄው የት ላይ ነው? ጥያቄው የሚነሣው ሶላሩ ከምን እንደሚሠራና ሲያረጅ የት እንደሚወድቅ ስንጠይቅ ነው።

ፓኔሉ ከምን ይሠራል?

በፓኔል ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ነገር ሴሚኮንዳክተር ይባላል። እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን እንዲሁ አያሳልፍም፤ እንደ ሸክላም ፈጽሞ አይከለክልም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ፤ ፓኔሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ አድርጎ ስለተሠራ ይፈስሳሉ። ያ ፍሰት ነው አምፖሉን የሚያበራው።

ዛሬ በገበያ ካሉት ፓኔሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት ከሲሊከን ነው። ሲሊከን ከአሸዋ የሚወጣ፣ በምድር ቅርፊት ከኦክስጅን ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ፣ መርዝነት የሌለው ነገር ነው። እግዚአብሔር በየወንዙ ዳር አፍስሶታል ማለት ይቻላል። ችግሩ ማጥራቱ ላይ ነው። ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መቅለጥ አለበት፤ ለዚያም ትልቅ ፋብሪካና ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ አገር አሸዋው እያለው ፓኔሉን ከውጭ ይገዛል።

በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ይፈልጋሉ፤ እንደ ቀለም ተሟሙቶ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ላይ በስሱ የሚቀባ፣ ብዙ እሳት የማይፈልግ፣ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ፔሮቭስካይት የተባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን እነ ፕሮፌሰር ሚያሳካ በዚህ ነገር የመጀመሪያውን የፀሐይ ሕዋስ ሲሠሩ፣ ከተቀበለው የፀሐይ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ አልፏል። ሲሊከን እዚህ ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል።

ነገር ግን ብርቱ የሆነው ፔሮቭስካይት በውስጡ እርሳስ አለበት። እርሳስ ስል የምትጽፉበትን ማለቴ አይደለም፤ ያ ግራፋይት ነው፣ አይጎዳም። ይህ ከባዱ ብረት ነው፤ የመኪና ባትሪን የሚያከብደው። በዚህ ዓይነት ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው እርሳስ ከአንድ ግራም ያነሰ ነው። ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ መስታወቱ ከተሰበረና ዝናብ ከገባበት ውሃ ያሟሟዋል፤ ወደ አፈርም ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን እንደማይታወቅ ይናገራል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ያደነዝዛል፤ የተወሰደው የማስተዋል ኃይል ደግሞ አይመለስም።

የከተማችን ስም በአንድ የአገር ቃል ኪዳን ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2030 እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። ልጅ በረሀብ እንዳይቀነጭር በስማችን ቃል ከተገባ፣ አእምሮው በመርዝ እንዳይደነዝዝ መጠንቀቅ የዚያው ቃል ኪዳን ክፍል አይደለም ወይ?

ጓያን አስታውሱ

«ለተራበ ሰው ስለ መርዝ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሐሳብ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም አገራችን አንድ ጊዜ በሥጋዋ አይታዋለች።

የሰሜን ልጆች ጓያን ታውቃላችሁ። ሌላው ሰብል በድርቅ ሲቃጠል ጓያ ይቆማል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ሽሮውም ይጥማል። ነገር ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ በደንቢያና በፎገራ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላም በደላንታና ዳውንት እንደ ወረርሽኝ ታይቷል። የታመሙት እነማን ነበሩ? ሌላ የሚበሉት ያልነበራቸው። ሀብታም ሰው ጓያን ከሌላ እህል ጋር ይበላዋል እንጂ ጓያ ብቻ አይበላም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ርካሽና መርዛማ የሆነ ነገር ሁልጊዜ የሚጠራቀመው ምርጫ በሌለው ሰው ላይ ነው። ዋጋው አልቀነሰም፤ ወደ ሌላ ሰው ሥጋ ተዛውሯል። የገዛው ሰው በብር ያልከፈለውን ልጁ በእግሩ ይከፍለዋል።

ታዲያ የጓያ መልስ ምን ነበር? «አትዝሩ» ማለት በድርቅ ዘመን ሞትን ማዘዝ ነው። «ብሉት፣ ምን ታደርጋላችሁ» ማለትም ሽባነትን ማዘዝ ነው። እናቶችም ተመራማሪዎችም ሦስተኛ መንገድ ያዙ። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ያቀለዋል። የግብርና ተመራማሪዎቻችንም መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ ዝርያ አውጥተዋል። ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ማንም አላጨበጨበለትም።

ኤልሳዕና ምንቸቱ

ወደ መጀመሪያው ምንባባችን እንመለስ። በጌልገላ ረሀብ ነበር። ኤልሳዕ ለነቢያት ልጆች ትልቅ ምንቸት እንዲጣድ አዘዘ። አንዱ ሊለቅም ወጣና የማያውቀውን የዱር ፍሬ አገኘ፤ ከትፎ ጨመረበት። ሊበሉ ሲጀምሩ በወጡ ውስጥ ሞት እንዳለ ጮኹ።

እዚህ ላይ ኤልሳዕ ያላደረጋቸውን ሁለት ነገሮች ልብ በሉ። «ረሀብ ነው፣ የተገኘውን ብሉ» አላለም። «ድፉትና ጾማችሁን እደሩ» ብሎም አላሰናበታቸውም። ዱቄት አምጡ አለ፤ ወደ ምንቸቱ ጨመረው፤ ከዚያም ለሕዝቡ እንዲቀዳ አዘዘ። ያም ወጥ ጉዳት አልነበረበትም። ተአምሩን በኬሚስትሪ ላስረዳ ማለቴ አይደለም፤ የእግዚአብሔር እጅ ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ልብ ምን እንደሚመስል ታሪኩ ያሳየናል። እርሱ የተራበው እንዲበላ ይፈልጋል፤ የሚበላውም እንዳይገድለው ይፈልጋል። ድሃ በመሆኑ ብቻ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አያስገድደውም።

የለቀመውንም ሰው ተመልከቱት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያግዝ ነው የወጣው። ያጎደለው እውቀት ነው። መልካም ልብ ያለ እውቀት ምንቸቱን ሊመርዘው ይችላል። ይህንን በተለይ ለእናንተ እጽፈዋለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን መልካም ልብ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ ፍሬውን ለይቶ ማወቅ ግን እምብዛም አይሰበክም።

ዱቄቱን የሚፈልጉ ሰዎች

በሶላርም ዱቄቱን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ በፔሮቭስካይት ውስጥ በእርሳስ ፈንታ ቆርቆሮ የተባለውን ንጥረ ነገር ለማስገባት ይደክማሉ። የቤት ክዳን የሆነውን ሳይሆን ለብየዳ የሚውለውን ለስላሳ ብረት ነው የምለው። ይህ ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ውጤቱ ገና ከእርሳሱ በብዙ ያንሳል። ሌሎች መዳብ፣ ዚንክ፣ ይኸው ለስላሳ ብረትና ድኝ ቀላቅለው ይሠራሉ። አራቱም በምድር በብዛት ያሉ ናቸው፤ እንደ እርሳስም አያስፈሩም። የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ ቤተሰብ 12.6 በመቶ መድረሳቸውን አሳውቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን እርምጃው ቀስ ያለ ሆነ፤ መዳብና ዚንክ በመጠን ስለሚቀራረቡ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ያም ኤሌክትሮኖቹን በመንገድ ያስቀራቸዋል።

ሦስተኛው መንገድ አገራችንን ይነካል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል፣ ከካርቦን የተሠሩ ፖሊመሮችን፣ ማለትም የፕላስቲክ ዘመዶችን፣ ሴሚኮንዳክተር ለማድረግ ለዓመታት ተሠርቷል። እነ ወንድማገኝ ማሞ፣ ሽመልስ አድማሴና አባይ ጋዲሳ በስዊድን ከሊንሾፒንግና ከቻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩትን አዲስ ፖሊመር እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ያኔ የዚህ ዓይነት ሕዋሳት ውጤት ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ በዓለም ምርጥ ቤተ ሙከራዎች ወደ 20 በመቶ ተጠግቷል። እዚህም ቢሆን ሁሉ ነገር ንጹሕ አይደለም፤ ፖሊመሩ የሚሟሟባቸው ፈሳሾች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይመርዛሉ፤ ስለዚህ እነርሱንም የሚተካ ይፈለጋል።

ይህ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው ትላላችሁ? እኔ ባልንጀራን መውደድ ነው እላለሁ። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው በመንገዱ ላይ አይቶታል። ተመራማሪው ግን ገና ያልተወለደ፣ ስሙን የማያውቀው፣ በአበርገሌ ቆላ አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ እንዳይቆስል ይደክማል። ልጁ ሳይመረዝ ያድጋል፤ ማን እንዳዳነውም አያውቅም።

«በኋላ እናስተካክለዋለን»

አሁን ከባዱ ክርክር ይመጣል። «ንጹሑ ነገር 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ልጆች በኩራዝ ጭስ ይማሩ? መርዝ ያለበትን እንጀምር፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።» የክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። መዘግየትም ይገድላል፤ የጠገበ ሰው ለተራበ «ቆይ» ማለት ይቀለዋል።

ግማሹ ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመኪና ነዳጅ ላይ እርሳስ መጨመር ሲጀመር ርካሽ ስለሆነ ነው የተመረጠው፤ ሌላ አማራጭም ይታወቅ ነበር። ዓለም ያንን ነዳጅ ለመኪና መሸጥ ያቆመው በ2021 ነው። «በኋላ» ማለት መቶ ዓመት ሆነ።

ሁለተኛው ምንባባችን እዚህ ይረዳናል። በሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣሪያው እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ እንዲሠራ ታዝዟል። ሕጉ ቤት መሥራትን አልከለከለም። መከታው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ የሚታሰብ አይደለም፤ የቤቱ ክፍል ነው። የሚወድቀውም ማን እንደሆነ አልተጠቀሰም፤ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ብርሃን ስንሰጥም እንዲሁ ነው። ዛሬ እንስጥ፤ መከታውን ግን ከብርሃኑ ጋር አብረን እንስጥ።

እኛ ጋ መከታው ምንድን ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ዛሬ በመንደሮቻችን ያለው ትልቁ አደጋ ፓኔሉ አይደለም፤ ባትሪው ነው። የአንድ መኪና ባትሪ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ እርሳስ ይይዛል፤ ይህ ቀደም ብዬ ካልኩት አንድ ግራም ጋር ሲነጻጸር አሥር ሺህ እጥፍ ነው። አነስተኛው የሶላር ባትሪም በኪሎ የሚቆጠር አለበት። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮይ በተባለ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 መካከል 18 ሕፃናት ሞቱ። እናቶቻቸው ክፉ አላደረጉም፤ ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር እየነፉ ለእንጀራቸው ይሸጡ ነበር። በእኛስ ሠፈር ባትሪው ሲሞት የት ይሄዳል? ከቤት ጀርባ ይጣላል፣ ወይም ለቆራሌው ይሸጣል፣ ወይም ልጆች ፈልጠው ይጫወቱበታል።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። የወጣት ኅብረታችሁ በተከዜ ዳርቻ ላሉ ቤተሰቦች መብራት ለመግዛት ገንዘብ ሰበሰበ እንበል። በገንዘቡ የእርሳስ ባትሪ ያለውን ርካሹን ብትገዙ ለ40 ቤት ይበቃል። እርሳስ የሌለበትን፣ በሊቲየም ባትሪ የሚሠራውንና የሚጠገነውን ብትገዙ ለ25 ቤት ብቻ ይበቃል። የትኛውን ትገዛላችሁ?

የእኔን መልስ ልንገራችሁ። ባትሪው ሲሞት ተመልሳችሁ ሄዳችሁ 40ውንም ለመሰብሰብና በትክክለኛው ቦታ ለማስረከብ ቃል የምትገቡ ከሆነ 40ውን ግዙ። ስጦታችሁ ያን ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ የ40 ባትሪ ባለአደራ ሆናችኋል። ያንን ለማድረግ አቅም ከሌላችሁ 25ቱን ግዙ። የቀሩትን 15 ቤቶች ግን እንደሌሉ አትቁጠሯቸው። ስማቸውን ጻፉ፣ ጸልዩላቸው፣ በሚቀጥለው መዋጮ በእነርሱ ጀምሩ። ከሁሉ የከፋው 40ውን ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ መጥፋት ነው። የቲያሮይ አፈር የተመረዘው ማንም ባለአደራ ሳይሆንለት በቀረ ባትሪ ነው።

ይህ ሊሠራ እንደሚችል ከክልላችን ምሳሌ አለ። በሰሜን ሸዋ በሬማ ቀበሌ አንድ የሶላር ድርጅት ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች ሶላር ሲያስገባ፣ የሶላር ባለሙያዎች ማሠልጠኛም እዚያው ከፍቷል። መብራቱ ሲበላሽ የሚያየው ሰው አብሮ ተዘጋጀ ማለት ነው። በሕግም በኩል አደገኛ ቆሻሻን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። ሕጉ በወረቀት አለ፤ ባትሪውን ተሸክሞ የሚያወጣ ትከሻ ግን ከእኛ ይጠበቃል።

ከእናንተ መካከል ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትቀመጡ አላችሁ። «ጌታን ላገልግል» ስትሉ ብዙ ጊዜ መድረኩንና ማይኩን ታስባላችሁ። መድረኩ መልካም ነው። ነገር ግን ኬሚስትሪና ፊዚክስ የምትወዱ ካላችሁ፣ ያንን መውደድ ማን እንደሰጣችሁ ጠይቁ። ፀሐይን በክፉዎችና በደጎች ላይ የሚያወጣው አባት፣ ብርሃኑን ያለ መርዝ ወደ ድሃ ቤት የሚያስገባ ሰው ይፈልጋል። ምናልባት ከመካከላችሁ አንዷ ወይም አንዱ፣ ስማችሁን ማንም በማያውቅበት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ለዚያ ምንቸት የሚሆነውን ዱቄት እየፈለጋችሁ ዕድሜያችሁን ታሳልፉ ይሆናል። ያ አገልግሎት ነው።

ለኅብረት መወያያ

1. ኤልሳዕ ወጡን ባያስደፋውና እንዲሁ እንዲበሉትም ባይተዋቸው፣ ይህ እናንተ ለችግረኞች በምትሰጡት ነገር ላይ ምን ይለውጣል?

2. ከ40ውና ከ25ቱ እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? በመልሴ የማትስማሙ ከሆነ ምክንያታችሁን በቃሉ ደግፋችሁ አስረዱ።

3. በሠፈራችሁ የሞተ ባትሪ የት እንደሚወድቅ በዚህ ሳምንት ጠይቁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ።